ፊልሙ ላይ የቀረው እጄ

ልጄ ያንን ካሜራ ይዛ ሸማ ተራ ወዳለው ሱቃችን የገባች ዕለት መጀመሪያ የጠየቅኳት ስንት ገዛሽው ብዬ ነው። እዚህ ሰፈር ሕፃን ሲወለድ እንኳ ከጾታው በፊት ዋጋው የሚጠየቅ ይመስለኛል። አሥራ አራት ሺህ ብር አለችኝ። ተቀብያት ገለባበጥኩት። ጠርዙ የተላላጠ፣ በእድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ እጅ ላይ እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚከብድ የፊልም ካሜራ ነው። ስልኳ ኪሷ ውስጥ አለ፤ ያውም ሦስት ዓይን ያለው፣ ያለ ምንም ወጪ የሚያነሳ።

ካልቀረ አዲስ አትገዢም ነበር ወይ አልኳት። እሷ ደግሞ ትዕግሥቷ የአባቷ ነው፤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አዲስ የሚባሉት የፊልም ካሜራዎች አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ሌንሳቸው የጠርሙስ ቂጥ ነው፣ ዋጋቸው ግን ከዚህ ብዙ አያንስም። ይሄኛው ብረት ነው፣ ቢበላሽ ይጠገናል፣ የልጅ ልጄም ታነሳበታለች አለች። አሮጌው ከአዲሱ የሚወደድበት ገበያ ለእኔ ለሰሚው ግራ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ነጠላና ጋቢ ስሸጥ የለበሱት ጋቢ ካለበሱት በልጦ አይቼ አላውቅም።

ፊልሙ ደግሞ ለብቻው ነው። አንዱ ጥቅልል ወደ ሦስት ሺህ ብር፣ የሚያነሳው ሠላሳ ስድስት ፎቶ። ልጄ እያወራች እኔ በልቤ ሳካፍል ነበር። አንድ ጊዜ ጠቅ ባደረገች ቁጥር የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ይሄዳል፤ ማሳጠቢያው ሳይቆጠር። ብሩ የራሷ ነው። የሱቁን ቀሚሶች በስልኳ እያነሳች ቴሌግራም ላይ ትሸጥልኝ ነበርና ድርሻዋን እሰጣታለሁ፤ ከዚያ ያጠራቀመችው ነው። አፌን ከፍቼ የምናገርበት ምንም መብት አልነበረኝም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ መሰለኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራውን ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማንጠልጠያ አልነበረውም፤ ከተረፈ አረንጓዴ ጥለት አጥፋ ሰፍታ ማንጠልጠያ ሠራችለት። ጥለቱንም አባከንሽው አልኳት።

አሁን ወደማልወደው ቅዳሜ ልምጣ። የበዓል ሰሞን ነው፣ መንገዱ በሰው ተጠቅጥቋል፣ ተሸካሚዎች "ከመንገድ!" እያሉ ይጋፋሉ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ለአንዲት ለሰርግ ለምትሸምት ደንበኛ ቀሚስ እለካለሁ። ልጄ ካሜራውን ከማዶ፣ ከጎረቤት ሱቅ የጋቢ ክምር ላይ አስቀምጣ ወደ እኛ አዞረችው። ሰው ሳይነካው ራሱ የሚያነሳበት ነገር አለው። ቁልፉን ተጫነችና ተሻግራ፣ ሰው መሃል ተሽሎክልካ፣ ከባንኮኒው ኋላ ገባች። አንገቴን አቅፋ ጉንጬን በጉንጯ ገጠመችው።

"ሳቂ፣ እማ" አለችኝ።

እኔ ግን ደንበኛዋን አየሁ፣ ሜትሩ ከእጄ ሲወድቅ አየሁ፣ ሦስት ሺህ ብሩንም አየሁ መሰለኝ። ያንን ሁሉ ብር በእኔ ፊት ላይ ታቃጥያለሽ፣ ሰው አይታይሽም ወይ ብዬ በእጄ ደረቷን ገፋኋት። በቀስታ አይደለም፤ መደርደሪያው እስኪነቃነቅ ነው የገፋኋት። ካሜራው መቼ ጠቅ እንዳለ አልሰማሁም። በዚያ ጫጫታ መድፍ ቢተኮስም አይሰማም። ልጄ ተሻግራ ካሜራዋን አነሳችና ስትመለስ፣ "ሲታጠብ ራስሽን ታይዋለሽ" አለችኝ። በቁጣ ይሁን በቀልድ አለየሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አብነት ጋ መንገድ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚህ የበለጠ ስለዚያ ቀን አልጽፍም፤ ብችልም አልጽፍም።

ለቅሶው ላይ የመጣው ሰው ሁሉ ፎቶዋን በስልኩ ያሳየኝ ነበር። የእሷ ፎቶ ሞልቷል፤ ጓደኞቿ ብቻ የሰጡኝ መቶ ያልፋል። እኔና እሷ አንድ ላይ ያለንበት ግን ክርስትናዋ ላይ አቅፌያት ከተነሳነው በቀር የለም። ሁልጊዜ ስትለምነኝ ሥራ ላይ ነኝ፣ ጸጉሬ አልተሠራም፣ ነገ እላታለሁ። ስለዚህ ካደገች ወዲህ ያለችን አንዲት ፎቶ እዚያ ካሜራ ውስጥ፣ ገና ባልታጠበው ፊልም ላይ ነበረች። እሷም ላይ ሁለት ነገር ሊኖር ይችላል። ወይ ልጄ አንገቴን አቅፋ ጉንጭ ለጉንጭ ነን፤ ወይ ደግሞ እጄ ደረቷ ላይ ነው፣ እየገፋኋት ነው። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ይሄን ለእህቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ሞቷ ብቻ አልነበረም፣ ይሄም ነበር።

በእኛ አገር ለሐዘንተኛ የሚደረግ አንድ ደግነት አለ፤ የሟችን ዕቃ ከፊቷ ማንሳት። ከክፍለ ሀገር መጥታ ቤቴን የያዘችው ታላቅ እህቴ ነበረች፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ግድግዳ ሳይ። የልጄን ልብሶች ጠቅልላ ራጉኤል ደጅ ላሉ ነዳያን ሰጠች። ጫማዎቿን ለጎረቤት ልጅ። መጻሕፍቷን ለትምህርት ቤት። አርባዋ በወጣ ማግስት ተነሳሁና ቁምሳጥኗን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ካሜራውስ አልኳት እህቴን። እህቴ ጓዳ ያለውን ሰማያዊ ሳፋ በዓይኗ አሳየችኝ።

አሮጌ ልብስና ዕቃ ተቀብሎ በምትኩ ሳፋና ጆግ የሚሰጠው፣ "ልዋጭ!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰውዬ መጥቶ ነበር። የተሰበረ ሬዲዮ፣ የማይሠራ ምድጃና ካሜራውን አንድ ላይ ሰጥታ ሳፋ ተቀበለች። መጀመሪያ ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችብኝም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "አሮጌ ነው እኮ። አንቺም በስልክ ባወራን ቁጥር ስትረግሚው ነበር፤ እንዳታዪው ብዬ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ካሜራው የማይረባ ነው ብዬ ልጄን በቁሟ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ፤ እህቴ የሸጠችው በእኔ ግምት ነው።

የልዋጩን ሰውዬ ለአራት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ጎረቤቶቼ አእምሮዬን የሳትኩ መስሏቸው ነበር፤ ብዙም አልተሳሳቱም። አምስተኛው ቀን ላይ ድምፁን ሰምቼ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ሰውዬው አስታወሰ። ሬዲዮውንና ምድጃውን በኪሎ፣ ካሜራውን በቁጥር ምናለሽ ተራ ላለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ እንዳስረከበ ነገረኝ። ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት፣ ሽቦ የሚያቃጥሉት፣ ጠርሙስ የሚደረድሩት ሁሉ ዘንድ ደረስኩ። የገዛው ሻጭ ለሌላ አሳልፎታል። ሌላው ለሌላ። እያንዳንዱ ያተረፈበትን በልቤ እደምራለሁ፤ ተሽጧል፣ ከአገር ወጥቷል ይሉኛል ብዬ ደግሞ እፈራለሁ። በሦስተኛው ቀን አራት ሰዓት ገደማ ሰዓትና ካሜራ ብቻ የሚሸጥ በእኔ እድሜ ያለ ሰው ጋ ደረስኩ። መስታወት ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴውን ጥለት አየሁት።

እዚህ ላይ ነው ሕይወቴን ሙሉ ራሴን የማልምርበትን ነገር ያደረግኩት። የፈለጉትን ዕቃ እያዩ የፈለጉ አለመምሰል የመርካቶ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ዝም አይነቅዝም ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ልጅ ነኝ። ይሄ የሞተች ልጄ ካሜራ ነው ብል ሰውዬው ዋጋውን ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል ብዬ አሰብኩ። ፊቴን አደረቅኩና ሌላ ካሜራ አነሳሁ፤ ለወንድሜ ልጅ ስጦታ ነው፣ አዲስ የለህም ወይ አልኩት።

"አዲስ የሚሉሽ ፕላስቲክ ነው፣ እህቴ" አለኝ። "ካወጣሽ አይቀር አሮጌ ግዢ። ቢበላሽ ይጠገናል።"

የልጄን ቃል ከሰው አፍ ሰማሁት። ሌሎቹን ሁሉ ነቅፌ፣ በመጨረሻ እንዲያው ልየው ያህል ያንን አሳየኝ አልኩ። ሃያ አምስት ሺህ አለኝ። አሁን ወጣቱ ሁሉ ወደ ፊልም ተመልሷል፣ ፈረንጅ ሲያገኘው አይከራከርም፣ ነገ ሠላሳ ይገባል አለኝ። እኔ ጠርዙ ተላልጧል፣ ማንጠልጠያው የቤት ስፌት ነው ብዬ አናናቅኩት። በገዛ ልጄ ስፌት አላገጥኩ። ሄድ መለስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ ከሱቁ ወጥቼ፣ አሥራ ሰባት ሺህ ላይ ተስማማን።

ብሩን ከማውጣቴ በፊት ግን ሌላ ሐሳብ ገባኝ። ፊልሙ ውስጡ ከሌለስ? በአራት ሰው እጅ አልፏል፤ አንዱ አውጥቶ ጥሎት ቢሆንስ? ሰውዬውን ብጠይቀው ይነቃብኛል። እሱ ካሜራውን የሚያደርግበት ከረጢት ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ። ልጄ ፊልም ስትከት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በግራ በኩል ያለችውን ክብ እጀታ ወደ ላይ ሳብኳት። የጀርባው ክዳን ተከፈተ። ፊልሙ አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ እውነት ነው የምለው፣ በዚያች ሰዓት አመሰገንኩ። ከዚያ ደግሞ የእሷ ነው ወይስ ሌላ ሰው የከተተው ብዬ ተጠራጠርኩ። ሸማ የሚሸጥ ሰው ነጠላ ሲሰጡት ሳይገልጥ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ድሩን ሳያይ አይቀበልም። እጄ ሌላ አያውቅም። ፊልሙን በጣቴ ይዤ ክንዴ እስኪዘረጋ ሳብኩት፣ ከሱቁ ደጃፍ ወጣሁና ወደ ፀሐይ አነሳሁት።

ምንም የለበትም። እንደ ደፈረሰ ውሃ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር።

ፊልም ብርሃን እንደማይወድ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። የእኔ እድሜ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእህቴ ሰርግ ፎቶ ግማሹ "ተቃጥሏል" ተብሎ ቀርቶ ቤተሰቡ ለዓመት ሲያወራው ነበር። አውቅ ነበር። ግን እጄ ቀደመኝ። ሰውዬው ከረጢቱን ይዞ ሲመለስ ፀሐይ ላይ ቆሜ አገኘኝ፤ ፊልሙን ከእጄ ሊያድን ፈልጎ ነበር፣ ከዚያ ምንም እንደማይድን ገባው መሰለኝ እጁን አወረደ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። የልጄ ነው አልኩት።

ሰውዬው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "ፊልም እንዳለው አውቄያለሁ" አለኝ። "ቆጣሪው ያሳያል። ጨለማ ውስጥ ላወጣው ነበር ያሰብኩት። አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽም። ወላሂ፣ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ እንዲሁ እሰጥሽ ነበር።"

አመንኩት። እሱ ገዢ ይሸሻል ብሎ ዝም አለ፣ እኔ ዋጋ ይጨምራል ብዬ ዝም አልኩ። አንዲት ቃል ብንለዋወጥ ኖሮ ፎቶዬን ይዤ እገባ ነበር። ብሩን አልቀበልም አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ካሜራውን ይዤ ወጣሁ፤ ሮጦ ደርሶ ግማሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተውና ስለ ነፍሷ ስጪው አለኝ። ልታገለው አቅም አልነበረኝም።

ከራጉኤል ጀርባ ፊልም የሚያጥቡ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረኝም እሱ ነው። በዚያው ሄድኩ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሐኪም ቤት እንደሚዞረው ነው የዞርኩት፤ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን ሌላ ሰው ይንገረኝ ብዬ። ሽማግሌው ፊልሙን ሲያዩት እንደማይሆን ነገሩኝ። ይታጠብልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጨለማ ክፍል ገብተው ቆዩ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ይዘውት የወጡት እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ከጥቅልሉ ውስጥ ያልወጣው ጫፉ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል፤ እሱ ላይ ደግሞ ልጄ ገና አላነሳችበትም።

"ምን ነበረበት፣ ልጄ?" አሉኝ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለማላውቃቸው ሰው ተናገርኩ። አቀፈችኝ፣ ገፋኋት፣ የቱን እንዳነሳው አላውቅም አልኳቸው። ሽማግሌው አላጽናኑኝም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ካሜራውን ተቀበሉኝና ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ወደ ታች አዙረው ቁልፉን ተጫኑ። ካሜራው እንደ ንብ እየጮኸ ቆየና ጠቅ አለ። ከቁልፉ እስከ ጠቅታው አሥር ሴኮንድ ነው አሉኝ፤ ከዚህ በላይ አላውቅልሽም።

ያን ካሜራ አሁንም ሱቅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ወጣቶች ያዩትና ይጠይቁኛል። ባለፈው አንዱ ሠላሳ ሺህ አለኝ። ሌላዋ ደግሞ፣ የልጄ እኩያ ትሆናለች፣ እትዬ፣ ዋጋ ያወጣል ወይ፣ ወይስ አዲሱን ልግዛ አለችኝ። ከቻልሽ አሮጌውን ግዢ፣ ቢበላሽ ይጠገናል አልኳት። እናትሽ ስትጨቀጭቅሽ አትስሚያት ልላት ነበር፤ ሰው ፊት ላለማልቀስ ተውኩት።

ጠዋት ሱቆች ሳይከፈቱ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ እመጣለሁ። ጎረቤቴ ቁልፍ ሰጥቶኛል፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ካሜራውን ጋቢው ላይ፣ እሷ ባስቀመጠችበት አስቀምጣለሁ። ዘንጉን አዙሬ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ተሻግሬ ሮጬ ከባንኮኒው ኋላ እገባለሁ፣ አንገት እንደሚያቅፍ ሰው እጄን አነሳለሁ፣ ሳቂ እማ እላለሁ፣ ያልኳትን ቃል እላለሁ፣ ከዚያ እገፋለሁ። ጠቅታው ሁልጊዜ ከግፊያው ይቀድማል። አንዳንዴ ሳቂ ሳልል ጠቅ ይላል፤ አንዴማ ባንኮኒው ጋ ሳልደርስ ቀደመኝ። እንግዲያው ፎቶው ላይ ተቃቅፈናል ማለት ነው ብዬ ለአንድ ደቂቃ ያህል እተነፍሳለሁ።

ግን እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ጉልበቴም ያመኛል፤ ዘግይቼ ነው የምደርሰው። ልጄ ግን በጣም ፈጣን ነበረች።